የመኪና መሪ የአቧራ መከላከያ ላስቲክ አቀያየርና አገጣጠም

በተደጋጋሚ ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ «የመሪዬን የአቧራ መከላከያ ላስቲክ አስቀይሬ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ለምን ተቀደደ?» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ላስቲኩን ብቻ መቀየር ይበቃል ወይስ ቴስቲናውም (በየአቅጣጫው የሚንቀሳቀሰው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) አብሮ መቀየር አለበት?» የሚል ነው። የሁለቱም መልስ የሚገኘው በአሠራሩ ቅደም ተከተል ውስጥ ስለሆነ፣ ሥራውን ከምርመራው እስከ መጨረሻው ፍተሻ ድረስ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደሚያስፈልግ ጭምር፣ ከዚህ በታች በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

መመሪያው የሚመለከተው የመሪ ሳጥናቸው በአግድም የተዘረጋና በውስጡ ጥርስ ያለው ዘንግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚንሸራተትባቸውን መኪኖች ነው። አብዛኞቹ የቤት መኪኖች በዚህ መልክ የተሠሩ ናቸው። ከዘንጉ ጫፍ ላይ የውስጥ ቴስቲና አለ፤ ከእርሱ ወደ ጎማው የሚሄደውን ብረት በዚህ ጽሑፍ «ማገናኛ ብረት» እለዋለሁ፤ በማገናኛ ብረቱ ጫፍ የሚገኘውና ከጎማው ጋር የሚያያዘው ደግሞ የውጭ ቴስቲና ነው።

ላስቲኩ ምን ይሠራል?

ከፊት ጎማው ጀርባ ጎንበስ ብለው ቢመለከቱ፣ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የተጣጠፈ ጥቁር ላስቲክ ከመሪ ሳጥኑ ጫፍ ተነሥቶ እየጠበበ ሄዶ ማገናኛ ብረቱ ላይ ሲያልቅ ያያሉ። ሰፊው አፉ የመሪ ሳጥኑን ጫፍ፣ ጠባቡ አፉ ማገናኛ ብረቱን ጨብጦ ይይዛል። በውስጡ የሚሸፍነው ከሳጥኑ የሚወጣውንና የሚገባውን የተወለወለ ዘንግ እንዲሁም የውስጥ ቴስቲናውን ነው። ላስቲኩ ሲቀደድ የሚገባው አቧራ ከግሪሱ ጋር ተለውሶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ ቴስቲናውን ይበላል። ውሃ ከገባ ደግሞ ዘንጉ ይዝጋል፤ የዛገው ዘንግ ወደ ሳጥኑ በገባና በወጣ ቁጥር በዘይት የሚሠራውን መሪ የዘይት ማገጃ ቀለበት ይቧጭረዋል። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ ከሆነም እርጥበቱ በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ሊያበላሽ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ይህ ላስቲክ እንደ ወናፍ የተሠራ እንደመሆኑ እንደ ወናፍ የሚተነፍስ መሆኑን ነው። መሪውን ወደ አንድ ወገን ሲያዞሩ የአንዱ ወገን ላስቲክ ይጨመቃል፣ የሌላው ይዘረጋል፤ ከተጨመቀው የወጣው አየር ወደሚዘረጋው መሄድ አለበት። አየሩ በአንዳንድ መኪኖች ሁለቱን ላስቲኮች በሚያገናኝ ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ፣ በሌሎቹ ደግሞ በራሱ በመሪ ሳጥኑ ውስጥ ያልፋል። መንገዱ ከተዘጋ አንዱ ላስቲክ እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ሌላው ወደ ውስጥ ይሰረጉድና እጥፋቶቹ በሚንቀሳቀሱት ብረቶች መካከል እየተቆነጠጡ ይቀደዳሉ። አዲስ ላስቲክ ያለ ዕድሜው ሲቀደድ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው፤ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ተጠማዝዞ መገጠሙ ነው።

መፍታት ከመጀመርዎ በፊት ምርመራ ያድርጉ

ላስቲኩ በተሰበሰበበት ሁኔታ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ መሪውን ላስቲኩ እስከሚዘረጋበት ጫፍ አዙረው ሞተሩን ያጥፉና እጥፋቶቹን በጣትዎ ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ጎድጓዳቸውን ይመልከቱ። ስንጥቅ የሚጀምረው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከእጥፋቱ ጎድጓዳ ነው። በተለይ ወደ መሬት የዞረውን የታችኛውን ገጽ በመስታወትና በባትሪ ብርሃን ይፈትሹ፤ ከላይ ደህና የሚመስለው ላስቲክ ከሥር ተሰንጥቆ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቀጥሎ ሰፊውን አፍ ዝቅ አድርገው ጨመቅ ያድርጉት። ውስጡ ዘይት ሲንቦጫቦጭ ከተሰማዎት ወይም ከአፉ ዘይት ከተንጠባጠበ፣ የተበላሸው የመሪ ሳጥኑ የዘይት ማገጃ ነው። በዚህ ሁኔታ ላስቲኩን ብቻ መቀየር ፍሳሹን ለጥቂት ጊዜ ከዓይን ከመሰወር ያለፈ ጥቅም ስለሌለው አስቀድሞ ሳጥኑ ይጠገን።

የቴስቲናውን ጤንነት ለማወቅ ደግሞ ጎማው ከመሬት ከተነሣ በኋላ ረዳትዎ ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዞ ወዲያና ወዲህ አጠር አጠር አድርጎ እንዲነቀንቀው ይንገሩት። እርስዎ ላስቲኩን ከውጭ ጨብጠው የውስጥ ቴስቲናውን በመዳፍዎ ያዳምጡት። ጤነኛ ከሆነ ከማገናኛ ብረቱ ጋር አንድ ሆኖ ይሄዳል፤ ከተበላ ግን «ቀጭ» የሚል ክፍተት መዳፍዎ ላይ ይሰማዎታል። ክፍተት ካለ ቴስቲናው አብሮ ይቀየር፤ ለላስቲኩም ለቴስቲናውም የሚፈታው አንድ ነውና ሥራውን ሁለት ጊዜ አይሥሩ። ክፍተት ከሌለና ግሪሱ ንጹሕ ከሆነ ላስቲኩን ብቻ መቀየር በቂ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ለመኪናዎ ዓይነትና ለተመረተበት ዓመት ትክክለኛ የሆነ ላስቲክ። በሻንሲ ቁጥሩ ማጣራት ከሁሉ ይሻላል፤ የግራውና የቀኙ የሚለያዩበት መኪና አለ።
- አዲስ ትልቅ ፋሸታ (የላስቲኩን አፍ ዙሪያውን አጥብቆ የሚያስር ቀለበት) ለሰፊው አፍ፣ አዲስ ትንሽ ፋሸታ ለጠባቡ አፍ። አሮጌውን ፋሸታ መልሶ መጠቀም አይመከርም።
- አዲስ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይላላ በቀዳዳው ገብቶ የሚታጠፍ ሽቦ)፤ ወይም የውጭ ቴስቲናው ዳዶ ራሱን በራሱ የሚቆልፍ ከሆነ አዲስ ዳዶ።
- ለቴስቲና የሚሆን ግሪስ፣ እንዲሁም ላስቲክን የማይጎዳ የሲሊኮን ግሪስ።
- ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ ካቫሌቶ (የተነሣው መኪና የሚያርፍበት ማቆሚያ)፣ ለኋላ ጎማዎች ታኮ።
- የጎማ መፍቻ፤ ለዳዶዎቹ ልክ የሆኑ ቁልፎች (17፣ 19፣ 21 እና 22 ቁጥር ብዙ ጊዜ ይፈለጋሉ)፤ የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ ቁልፍ።
- ቴስቲና ማውጫ።
- ፒንሳ፣ ጉጠት፣ መቁረጫ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ።
- የሽቦ ብሩሽ፣ የዛገ ብሎን ማላቀቂያ ዘይት፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የሚለጠፍ ፕላስተር።
- ማስመሪያ ወይም ካሊፐር፣ ነጭ የቀለም ብዕር፣ ወረቀት።
- የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት።

አዲሱን ላስቲክ ከአሮጌው ጎን አስቀምጠው የሁለቱን አፎች ስፋት፣ የእጥፋቶቹን ብዛት፣ የተዘረጋ ርዝመቱንና የመተንፈሻ ቀዳዳውን ያነጻጽሩ። ስፋቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የተለየውን ላስቲክ በፋሸታ ኃይል አጥብቆ መያዝ የሚቻል ይመስላል፤ ነገር ግን አፉ ተሸብሽቦ ስለሚቀመጥ በሽብሽቡ በኩል ውሃ ይገባል።

ማስጠንቀቂያ

በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። መኪናው በካቫሌቶ ላይ ካረፈ በኋላ ከጎን ገፋ አድርገው እንደማይወዛወዝ ሳያረጋግጡ እጅዎንም ከሥሩ አያስገቡ።

የውጭ ቴስቲናው ተፈትቶ ሳለ ሞተሩን አያስነሡ። በኃይል የሚታገዝ መሪ ነጻ የሆነውን ማገናኛ ብረት በድንገት ሊወረውረውና ጣት ሊቀጠቅጥ ይችላል።

ፋሸታ ሲቆረጥ የሚፈናጠር ብረት ነው፤ የሽቦ ብሩሽም ዝገት ወደ ዓይን ይረጫል። መነጽሩን ከመጀመሪያው ያድርጉ።

መሪ የሕይወት ጉዳይ ነው። ዳዶው በትክክል መጥበቁን ወይም ኮፒሊያው መግባቱን ከተጠራጠሩ መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ በባለሙያ ያሳዩ።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. መኪናውን ያዘጋጁ። በደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙት፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያስይዙ፣ መሪውን ወደ ፊት ቀጥ አድርገው ይተዉት። መሪው ቀጥ ብሎ መጀመሩ ኋላ ላይ ላስቲኩ የሚገጠምበት የዕረፍት ሁኔታ መነሻ ነው። የጎማ ብሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ላላ ያድርጉ፤ ከዚያ መኪናውን አምራቹ በፈቀደው ነጥብ ላይ አንሥተው በካቫሌቶ ያሳርፉና ጎማውን ያውጡ።

2. ዝገቱን ያላቁ። የማገናኛ ብረቱን ጥርስ፣ መቆለፊያ ዳዶውን (የውጭ ቴስቲናውን ማገናኛ ብረቱ ላይ የሚቆልፈውን) እና የውጭ ቴስቲናውን ዳዶ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱና ማላቀቂያ ዘይት ይርጩባቸው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይታገሡ። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚጠፋው አብዛኛው ጊዜና ጉልበት እልኸኛ ዳዶ ላይ ነውና ይህ ዕረፍት ባክኖ አይቀርም። ዘይቱ ላስቲክ ላይ እንዳይፈስ ጨርቅ ይጋርዱ።

3. ርዝመቱን ይመዝግቡ። ከሁሉም እርምጃዎች ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው። የውጭ ቴስቲናው ማገናኛ ብረቱ ላይ የተጠመዘዘበት ልክ የጎማውን አቅጣጫ ይወስናል። በብዙ መኪኖች አንድ ሙሉ ዙር ቴስቲናውን 1.5 ሚሊሜትር ያስኬደዋል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የመሪ ክንዱ (የውጭ ቴስቲናው የሚታሰርበት፣ ጎማውን የሚያዞረው ክንድ) 130 ሚሊሜትር ቢሆን አንድ ዙር መሳሳት ጎማውን ከአቅጣጫው በ0.66 ዲግሪ ገደማ ያዛንፈዋል፤ ይህም ጎማ እየፋቀ ለመጨረስ ከበቂ በላይ ነው።

ስለዚህ ሦስት ምልክት ይያዙ። በመጀመሪያ መቆለፊያ ዳዶው፣ ጥርሱና ቴስቲናው በሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ ቀጥ ያለ የነጭ ቀለም መስመር ያስምሩ። ቀጥሎ ከቴስቲናው እግር (በመሪ ክንዱ ቀዳዳ ከሚገባው ሾጣጣ ብረት) መሐል እስከ ማገናኛ ብረቱ አንድ ቋሚ ምልክት ያለውን ርቀት ለክተው ይጻፉ። ሦስተኛው ሲፈቱ የሚቆጥሩት ዙር ነው። ቀለሙ በዘይት ሊጠፋ፣ ልኬቱም በአንድ ሚሊሜትር ሊሳት ስለሚችል አንዱ ሌላውን ያርማል። ቁጥሩን በቃልዎ ለመያዝ አይሞክሩ፤ እኔ በወረቀት ላይ «ግራ» እና «ቀኝ» ብዬ ለይቼ እጽፋለሁ፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል ይሆናሉ ብሎ መገመት ስህተት ነውና።

4. መቆለፊያ ዳዶውን ያላሉ። ማገናኛ ብረቱን ለቁልፍ በተዘጋጀለት ጠፍጣፋ ገጹ ላይ በአንድ ቁልፍ አጥብቀው ይያዙ፤ በሌላው ቁልፍ ዳዶውን ሩብ ዙር ብቻ ያላሉ። ብረቱን ሳይዙ ዳዶውን ካስገደዱት ጉልበቱ በሙሉ ወደ ውስጥ ቴስቲናው ይሄዳል፤ ላስቲኩም አብሮ ይጠማዘዛል። ይህን የውጭ ቴስቲናው ገና ከጎማው ጋር ታስሮ እያለ መሥራት ይቀላል።

5. የውጭ ቴስቲናውን ከመሪ ክንዱ ያላቁ። የኮፒሊያውን እግሮች አቃንተው ይንቀሉት። ዳዶውን ይፍቱ፤ ነገር ግን ፈጽመው አያውጡት፤ ጥቂት ጥርስ እንደያዘ ይተዉት። የቴስቲናው እግር ሾጣጣ ሆኖ በቀዳዳው ውስጥ የተነከሰ ስለሆነ ሲላቀቅ በኃይል ይዘላል፤ የተተወው ዳዶ ያግደዋል። አሁን ቴስቲና ማውጫውን ገጥመው ቀስ በቀስ ያጥብቁት፤ «ጧ» ብሎ ይለቃል። ማውጫ ከሌለዎት የመሪ ክንዱን ጆሮ ከጎኑ በመዶሻ አንድ ሁለት ጊዜ ጠንከር አድርገው መምታት ብዙ ጊዜ ይበቃል። የእግሩን ጫፍ ግን በፍጹም አይምቱ፤ ጥርሱ ይደፈጠጥና ቴስቲናው ከጥቅም ውጭ ይሆናል። በመዶሻ የሚገባውን ባለ ሁለት ጣት ሹካ ደግሞ ቴስቲናውን ለመጣል ካልወሰኑ አይጠቀሙበት፤ የቴስቲናውን የራሱን ትንሽ ላስቲክ ይቀድዳል።

6. ቴስቲናውን እየቆጠሩ ይፍቱ። ማገናኛ ብረቱ እንዳይዞር ይዘው ቴስቲናውን ያዙሩ፤ እያንዳንዱን ሙሉና ግማሽ ዙር ቆጥረው ወዲያው ይጻፉ። ቀጥሎ መቆለፊያ ዳዶውን ያውጡ።

7. አሮጌውን ላስቲክ ያውጡ። ከመንካትዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ የመተንፈሻ ቱቦው በየት በኩል እንደሚገባ፣ የፋሸታው መቆለፊያ ወደየት እንደዞረ፣ ጠባቡ አፍ በየትኛው ጎድጓዳ ላይ እንደተቀመጠ በሥዕል ይቅር። ትንሹን ፋሸታ በፒንሳ ጨምቀው ያንሸራቱት፣ ትልቁን በመቁረጫ ይቁረጡት። መቁረጫው የመሪ ሳጥኑን እንዳይጭረው ይጠንቀቁ፤ አዲሱ ላስቲክ ውሃ የሚያግደው በዚያ ገጽ ላይ ነው። ላስቲኩ ከተጣበቀ በካቻቢቴው ጠፍጣፋ ጫፍ ዙሪያውን ቀስ አድርገው ያላቁት።

8. የተሸፈነውን ክፍል ያጽዱና ይመርምሩ። አሮጌውን ግሪስ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ይጥረጉ። በውሃ ወይም በኮምፕሬሰር አየር አይጠቡት፤ ሁለቱም ቆሻሻውን ወደ ሳጥኑና ወደ ቴስቲናው ውስጥ ይገፉታል። ከዚያ መሪውን በእጅ ቀስ ብለው አዙረው ዘንጉን ያውጡና በጨርቅ እየጠረጉ ያስተውሉት። የተወለወለው ገጽ ላይ ጥፍርዎን ሲያስኬዱ የሚይዝዎ ጉድጓዳ ዝገት ካለ፣ ዘንጉ የዘይት ማገጃውን መብላቱ አይቀርምና አዲስ ላስቲክ አያድነውም። ላይ ላዩን ብቻ የሆነ ቀላል ዝገት ከዘይት ማገጃው በማይደርሰው ጫፍ ላይ ከሆነ ተጠርጎ ሊታለፍ ይችላል። የውስጥ ቴስቲናውን በማገናኛ ብረቱ በየአቅጣጫው ያንቀሳቅሱት። መጠነኛ ተቃውሞ እያሳየ ለስላሳ በሆነ መንገድ ቢሄድ ጤነኛ ነው። በራሱ ክብደት ዱብ ካለ ወይም ሲሄድ ከተንገጫገጨ ተበልቷል።

9. ግሪስ ይቀቡ። በውስጥ ቴስቲናው ዙሪያ ስስ ሽፋን ይበቃል። ላስቲኩን በግሪስ መሙላት ጥንቃቄ ይመስላል፤ እጥፋቶቹ ግን የሚሰበሰቡበት ቦታ ያጣሉ፤ መሪው ሲዞር ግሪሱ አፉን ገፍቶ ይወጣል። ከላስቲኩ ጋር ግሪስ ተሰጥቶ ከሆነ እርሱን ይጠቀሙ። የላስቲኩን ሰፊ አፍና የሳጥኑን ገጽ ግን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ያለ ግሪስ ይተዉት፤ ግሪስ ካለበት ላስቲኩ እየተንሸራተተ ከቦታው ይወጣል። በተቃራኒው ጠባቡ አፍ በሚያርፍበት የማገናኛ ብረት ጎድጓዳ ላይ ስስ የሲሊኮን ግሪስ ይቀቡ። ምክንያቱ ወደፊት አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ሲሠራ ማገናኛ ብረቱ ስለሚሽከረከር ነው፤ ግሪስ ካለ ብረቱ በአፉ ውስጥ ይዞራል፣ ከሌለ ግን ላስቲኩን ጠምዝዞ ይዞት ይሄዳል። ላስቲኮች በተቀየሩ ማግስት ተጠማዝዘው የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

10. አዲሱን ላስቲክ ያስገቡ። የማገናኛ ብረቱን ጥርስ በፕላስተር ይጠቅልሉ፤ የጥርሱ ስለት የጠባቡን አፍ ከንፈር እንዳይቆርጥ ነው። ትልቁን ፋሸታ ሰፊው አፍ ላይ፣ ትንሹን ጠባቡ አፍ አካባቢ አስቀድመው ያኑሩ። ላስቲኩን ሳያጣምሙ ቀጥታ እየገፉ ያስገቡትና ሰፊው አፍ በሳጥኑ ጎድጓዳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መቀመጡን በጣትዎ ዙሪያውን ዳስሰው ያረጋግጡ፤ ከላይ የማይታየው የጀርባ ወገን ብዙ ጊዜ ሳይገባ ይቀራል። የመተንፈሻ ቱቦ ያለው መኪና ከሆነ የላስቲኩን ቀዳዳ ከቱቦው ጋር አስተካክለው ቱቦውን ያስገቡ። ቱቦው በጭቃ አለመዘጋቱን በአንድ ጫፉ እፍ ብለው ይሞክሩት፤ እርሱ ከተዘጋ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

11. ሰፊውን አፍ በፋሸታ ያስሩ። ፋሸታውን በላስቲኩ ላይ በተዘጋጀለት መስመር ላይ አኑረው ይቆልፉ። ጆሮ ያለው ዓይነት ከሆነ ጆሮውን በጉጠት ጨምቀው ይዝጉት። ልኩ፣ ላስቲኩን ለማዞር ሲሞክሩ የማይንቀሳቀስ ነገር ግን ፋሸታው ላስቲኩን ቆርጦ ያልገባበት ነው። መቆለፊያው ሌላ ብረት ወይም ቱቦ በማይነካበት በኩል ይሁን። ከዚያ መሪውን ወደ ቀጥታ መልሰው፣ ጠባቡን አፍ በጎድጓዳው ላይ አሳርፈው ትንሹን ፋሸታ ያኑሩ። ፕላስተሩን ማንሣት አይርሱ።

12. እንዲተነፍስ አድርገው ይሞክሩት። ሞተሩ ጠፍቶ እንዳለ ማገናኛ ብረቱን በእጅ ደግፈው፣ መሪውን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለው ያዙሩ፤ እርስዎ ወይም ረዳትዎ ላስቲኩን ይመልከት። እጥፋቶቹ በእኩል ሲሰበሰቡና ሲዘረጉ መታየት አለባቸው። ከነፋ ወይም ከተሰረጎደ አየሩ ታግዷል፤ የጠባቡን አፍ ከንፈር በለዘበ የካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ አንሥተው ያስተንፍሱትና እንደገና ይሞክሩ፤ ከተደገመ ወደ መተንፈሻው ይመለሱ። የእጥፋቶቹ መስመር እንደ ገመድ ጠመም ካለ ደግሞ ጠባቡን አፍ ለቀቅ አድርገው ያቃኑት። ይህ ሙከራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ጎማው ከተገጠመ በኋላ ግን ለማረም ሁሉንም መልሶ መፍታት ይጠይቃል።

13. የውጭ ቴስቲናውን ይመልሱ። መቆለፊያ ዳዶውን አስገብተው ቴስቲናውን በጻፉት የዙር ቁጥር ልክ ያጠምዙት፤ የቀለም መስመሩንና የለኩትን ርቀት ያመሳክሩ። የሾጣጣውን እግርና የመሪ ክንዱን ቀዳዳ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሁለቱ እርስ በርስ የሚናከሱት ንጹሕና ደረቅ ሲሆኑ ስለሆነ ግሪስ አይቀቡባቸው። እግሩን አስገብተው ዳዶውን በመኪናዎ የጥገና መጽሐፍ ላይ በተጻፈው የኒውተን ሜትር ልክ ያጥብቁ። እግሩ ከዳዶው ጋር አብሮ ከዞረ፣ ሾጣጣው ወደ ቀዳዳው እንዲነከስ ቴስቲናውን በእንጨት ተጭነው ይያዙት።

የኮፒሊያው ቀዳዳ ከዳዶው ክፍተት ጋር ካልተገጣጠመ ዳዶውን ጨመር አድርገው በማጥበቅ ያገናኙት፤ ለማገናኘት ብለው በፍጹም አያላሉት። አዲሱን ኮፒሊያ አስገብተው እግሮቹን ወደ ሁለት ወገን አጥፈው ይተዉ።

14. መቆለፊያ ዳዶውን ያጥብቁ። እንደ መጀመሪያው ማገናኛ ብረቱን በአንድ ቁልፍ ይዘው ዳዶውን በሌላው ያጥብቁ። ቴስቲናው ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ እንዳይቆለፍ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል መወዛወዝ እንደሚችል ያረጋግጡ። የጠባቡ አፍ ላስቲክ አለመጠማዘዙን አንድ ጊዜ ደግመው ይመልከቱ።

15. ጎማውን ገጥመው ወደ ሌላው ወገን ይለፉ። የጎማ ብሎኖቹን በተሻጋሪ ቅደም ተከተል ያጥብቁ፤ መጨረሻውን ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በኃይል መለኪያ ቁልፍ ያድርጉት። የሁለቱም ወገን ላስቲክ የሚቀየር ከሆነ አንዱን ጨርሰው ሌላውን ይጀምሩ፤ ያልተነካው ወገን ለአገጣጠሙ ሕያው ሥዕል ሆኖ ያገለግልዎታል።

16. አላይመንት ያሠሩ። ቆጠራዎ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን በእጅ የተመለሰ ርዝመት በመሣሪያ መረጋገጥ አለበት። እስከዚያ ድረስ በዝግታና ለአጭር ርቀት ብቻ ይንዱ። አላይመንት ለሚሠራው ባለሙያ ማገናኛ ብረቱን ከማዞሩ በፊት ትንሹን ፋሸታ ለቆ፣ ሲጨርስ ላስቲኩን አቃንቶ እንዲመልሰው ይንገሩት። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ባለመናገር ብቻ የሚበላሹ አዳዲስ ላስቲኮች ብዙ ናቸው።

በውጭ ቴስቲናው ላይ ያለው ትንሹ ላስቲክ

ይህ ላስቲክ እንደ ኮፍያ የቴስቲናውን ኳስ የሚሸፍን ነው። ቴስቲናው ክፍተት ሳይኖረው ላስቲኩ ብቻ ከተሰነጠቀ ለብቻው ሊቀየር ይችላል። ከላይ እስከ እርምጃ 5 ያለውን፣ ከእርምጃ 4 በቀር፣ ይከተሉ፤ ቴስቲናውን ከማገናኛ ብረቱ መፍታት ስለማያስፈልግ መቆለፊያ ዳዶውን አይንኩ፤ የጎማው አቅጣጫም አይለወጥም። አሮጌውን ላስቲክ ካወጡ በኋላ አሮጌውን ግሪስ ጠርገው ያውጡ። በጣቶችዎ መካከል ሲያሹት የሚያሻክር ከሆነ አሸዋ ገብቶበታል፤ ያን ጊዜ ቴስቲናውን በሙሉ መቀየር ይሻላል። ንጹሕ ከሆነ አዲስ ግሪስ ቀብተው ላስቲኩን ያልብሱት፤ ልኩን ለመግዛት የታችኛውን አፍ ስፋት፣ እግሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳና ከፍታውን በካሊፐር ለክተው ይያዙ። የታችኛውን አፍ ቀለበት በጎድጓዳው ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ ላስቲኩን ጫን አድርገው ትርፍ አየሩን ያስወጡ።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

- በፋሸታ ፋንታ የፕላስቲክ ማሰሪያ መጠቀም። ሰፊውን አፍ ዙሪያውን በእኩል ኃይል ስለማይጨብጠውና በሙቀት እየላላ ስለሚሄድ ውሃ ያስገባል። ከመንገድ ዳር እስከ ጋራዥ ለመድረስ ካልሆነ በቀር አይጠቀሙበት።
- ቴስቲናውን ላለመፍታት ሲባል ተሰንጥቆ የሚጣበቅ ላስቲክ መግጠም። የማጣበቂያው መስመር በእያንዳንዱ የመሪ ዙር የሚታጠፍ ስለሆነ ከሌላው ቦታ ሁሉ ቀድሞ የሚከፈተው እርሱ ነው።
- የተቀደደውን ላስቲክ በሙጫ መለጠፍ። ሙጫው ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ላስቲኩ ሲታጠፍ ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ ያወጣል።
- አሮጌውን ግሪስ ሳያጸዱ በላዩ አዲስ መቀባት። አሸዋው በአዲሱ ላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ሥራውን ይቀጥላል።
- መሪውን ወደ አንድ ጫፍ አዙሮ በዚያው ሁኔታ ጠባቡን አፍ ማሰር። ላስቲኩ ያለ ልኩ ተጨምቆ ወይም ተወጥሮ ይታሰርና ወደ ሌላው ጫፍ ሲዞር ከአፉ ይነቀላል።
- አሮጌውን ኮፒሊያ አቃንቶ መመለስ። አንዴ የታጠፈ ሽቦ ሁለተኛ ሲታጠፍ የሚሰበርበትን ጊዜ ማወቅ አይቻልም።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ የጎማ ብሎኖቹን ደግመው ያጥብቁ፤ በዚያው አጋጣሚ ባትሪ አብርተው ሁለቱንም ላስቲኮች ይመልከቱ። ፋሸታዎቹ ቦታቸውን ካለቀቁ፣ በአፎቹ ዙሪያ የግሪስ ወይም የዘይት ርጥበት ከሌለ፣ እጥፋቶቹም መሪው ቀጥ ባለበት ሁኔታ ተቀራራቢ ክፍተት ይዘው ከተሰለፉ ሥራው ተጠናቋል። ከዚያ በኋላ ዘይት በተቀየረ ቁጥር መኪናው ከፍ ሲል እጥፋቶቹን በጣትዎ ገለጥ አድርገው ማየትን ልማድ ያድርጉት።